የክላውድ ሀብት ስብስቦችን በፕሮግራም መፍጠር፦ ለሶፍትዌር አልሚዎችና ለአገልግሎት ሰጪ ተቋማት የተዘጋጀ ማብራሪያ

በኢንተርኔት የሚሰጥ አንድ አገልግሎት፣ ለምሳሌ የጤና ጣቢያ የቀጠሮ መስጫ ሥርዓት፣ ለተገልጋዩ አንድ ገጽ ብቻ ሆኖ ይታያል። ከገጹ ጀርባ ግን ኮምፒውተር፣ ዳታቤዝ፣ የፋይል ማከማቻ፣ ኔትወርክና የምስጢር ቁልፎች መያዣ ይኖራሉ። ብዙ ተቋማት እነዚህን ክፍሎች ከክላውድ አገልግሎት ሰጪዎች በኪራይ ይጠቀማሉ። ክፍሎቹ ያለ ሥርዓት ከተበተኑ የትኛው የየትኛው ሥራ እንደሆነ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና ሥራው ሲያበቃ ምን መዘጋት እንዳለበት መለየት ያስቸግራል። ይህ ማብራሪያ ክፍሎቹን በስብስብ ማደራጀትና ስብስቡን በፕሮግራም መፍጠር እንዴት እንደሚቻል፣ ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግም ያስረዳል። ለአብነት የተወሰደው የማይክሮሶፍት አዙር አገልግሎትና የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው።

የሀብት ስብስብ ምንነት

በክላውድ አጠራር ማንኛውም ተከራይቶ የሚሠራ ክፍል «ሀብት» ይባላል። የሀብት ስብስብ፣ በተለምዶ ሪሶርስ ግሩፕ የሚባለው፣ በአንድነት የሚፈጠሩ፣ የሚተዳደሩና የሚወገዱ ሀብቶች የሚሰባሰቡበት መያዣ ነው። በአዙር ደንብ መሠረት፦

- እያንዳንዱ ሀብት በአንድ ጊዜ በአንድ ስብስብ ውስጥ ብቻ ይገኛል።
- ስብስብ በሌላ ስብስብ ውስጥ ሊቀመጥ አይችልም።
- ስብስቡ ከተፈጠረ በኋላ ስሙም ሆነ የተመዘገበበት ቦታ አይለወጥም።
- በአንድ ስብስብ ውስጥ ያሉ ሀብቶች በተለያዩ አገሮች በሚገኙ የዳታ ማዕከላት ሊሠሩ ይችላሉ።

የስብስቡ ቦታ የሚያመለክተው ስለ ሀብቶቹ የሚመዘገበው መግለጫ የሚቀመጥበትን አካባቢ ነው። ያ አካባቢ ለጊዜው አገልግሎት ቢያቋርጥ በሌላ አካባቢ ያሉት ሀብቶች ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ በእነርሱ ላይ ማሻሻያ ማድረግ ግን ላይቻል ይችላል። ስለዚህ ስብስቡንና ዋና ዋና ሀብቶቹን በአንድ አካባቢ ማድረግ ይመረጣል።

በፕሮግራም መፍጠር የሚሰጠው ጥቅም

አንድ ስብስብ በድረ ገጽ በኩል በጥቂት ደቂቃ በእጅ ሊፈጠር ይችላል። ተቋሙ ለሙከራ፣ ለሥልጠናና ለመደበኛ ሥራ ሦስት ተመሳሳይ ስብስቦች ሲያስፈልጉት ወይም በየቅርንጫፉ አንድ አንድ ሲያዘጋጅ ግን የእጅ ሥራ ለስህተት ይዳርጋል። አንዱ ያለ መለያ ይቀራል፣ ሌላው በተሳሳተ ቦታ ይመዘገባል።

የሶፍትዌር ማበልጸጊያ ኪት፣ በአጭሩ ኤስዲኬ፣ አልሚው የክላውዱን አስተዳደር ከራሱ ፕሮግራም እንዲያዝ የሚያስችል ዝግጁ የኮድ ጥቅል ነው። ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ተጽፎ ከተመረመረ በኋላ በተደጋጋሚ አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣል። ኮዱ ራሱም ምን እንደተፈጠረ የሚያሳይ መዝገብ ይሆናል፤ የሥራ ባልደረባ ከመተግበሩ በፊት ሊመረምረው ይችላል።

መሟላት ያለባቸው ቅድመ ሁኔታዎች

1. በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ የተከፈተ የደንበኝነት መዝገብና የመዝገቡ መለያ ቁጥር።
2. በመዝገቡ ላይ ስብስብ ለመፍጠር የሚያስችል ሥልጣን። «ኮንትሪቢዩተር» የሚባለው የሥራ ድርሻ ለመፍጠርም ለመሰረዝም ያበቃል፤ «ሪደር» የሚባለው ለማየት ብቻ ነው።
3. በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ የፓይተን ፕሮግራም።
4. ሁለት የኮድ ጥቅሎች፦ ማንነትን የሚያረጋግጠው «አዙር አይደንቲቲ» እና ስብስቦችን የሚያስተዳድረው «አዙር ማኔጅመንት ሪሶርስ»። ሁለቱም «ፒፕ» በተባለው የፓይተን መጫኛ ይጫናሉ።

በዚህ ማብራሪያ በግእዝ ፊደል የተጻፉ የትእዛዝ ስሞች በኮዱ ውስጥ በላቲን ፊደል የሚጻፉ መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የአፈጻጸም ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ማንነትን ማረጋገጥ። «ዲፎልት አዙር ክሬደንሻል» የተባለው ክፍል ፕሮግራሙን የሚያሠራው ማን እንደሆነ በቅደም ተከተል ይፈልጋል። በኮምፒውተሩ የአካባቢ ተለዋዋጮች ውስጥ የተመዘገበ መረጃ ካለ ያንን ይወስዳል፤ ፕሮግራሙ በክላውዱ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ለማሽኑ የተሰጠውን ማንነት ይጠቀማል፤ ካልሆነም አልሚው በትእዛዝ መስመር የገባበትን አካውንት ይወስዳል። በዚህ አሠራር የይለፍ ቃል በኮዱ ውስጥ መጻፍ አያስፈልግም። በኮድ ውስጥ የተጻፈ የይለፍ ቃል ኮዱን ያየ ሁሉ ሊጠቀምበት ስለሚችል ይህን ማድረግ ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ደንበኛ መፍጠር። «ሪሶርስ ማኔጅመንት ክላየንት» የተባለው ክፍል የተረጋገጠውን ማንነትና የደንበኝነት መዝገቡን ቁጥር ተቀብሎ ከክላውዱ ጋር ግንኙነት ይከፍታል። አንድ ተቋም ሁለት መዝገቦች ካሉት ትእዛዙ የሚፈጸመው እዚህ ቁጥሩ በተሰጠው መዝገብ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ስብስቡን መፍጠር። «ክሬት ኦር አፕዴት»፣ ማለትም «ፍጠር ወይም አሻሽል» የሚለው ትእዛዝ፣ የስብስቡን ስም፣ ቦታና መለያዎች ይቀበላል። በተሰጠው ስም ስብስብ ከሌለ ይፈጥራል፤ ካለ ያለውን ያሻሽላል። በመሆኑም ፕሮግራሙ ሁለት ጊዜ ቢሠራ ሁለት ስብስብ አይፈጠርም። ነባሩ ስብስብ የተመዘገበው በሌላ ቦታ ከሆነ ግን ትእዛዙ በስህተት መልእክት ይመለሳል። መለያዎችም አዲስ በተላኩት ስለሚተኩ ነባሮቹን ማቆየት የሚፈልግ ሁሉንም አብሮ መላክ አለበት።

አራተኛ፣ ማረጋገጥ። «ሊስት» የተባለው ትእዛዝ በመዝገቡ ያሉትን ስብስቦች ይዘረዝራል። «ቼክ ኤግዚስተንስ» የተባለው ደግሞ አንድ ስም ቀድሞ የተያዘ መሆን አለመሆኑን ይነግራል።

ስያሜና መለያ

የስብስብ ስም እስከ 90 ፊደላትና ምልክቶች ሊይዝ ይችላል። ፊደል፣ ቁጥር፣ የታች ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ነጥብና ቅንፍ ይፈቀዳሉ፤ ስሙ ግን በነጥብ ሊጨርስ አይችልም። ስም ስለማይለወጥ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። የሥርዓቱን ስምና የታለመለትን ዓላማ፣ ማለትም ሙከራ ወይም መደበኛ ሥራ መሆኑን፣ በግልጽ የሚያሳይ ስም ይመከራል።

መለያ፣ በተለምዶ ታግ የሚባለው፣ በስምና በዋጋ ጥንድ የሚጻፍ ማስታወሻ ነው፤ ለምሳሌ «ኃላፊ» እና «የቀጠሮ ክፍል»። በአንድ ስብስብ ላይ እስከ 50 መለያዎች ሊቀመጡ ይችላሉ። ለስብስቡ የተሰጠ መለያ በውስጡ ላሉ ሀብቶች በራሱ እንደማይተላለፍ መገንዘብ ያስፈልጋል። ወጪን በመለያ የሚከታተል ተቋም በእያንዳንዱ ሀብት ላይም መለያውን ማኖር ይኖርበታል።

የመሰረዝ አደጋና መከላከያው

በአዙር ስብስብን መሰረዝ በውስጡ ያሉትን ሀብቶች በሙሉ ይሰርዛል። «ቢጊን ዲሊት» የተባለው ትእዛዝ ሥራውን አስጀምሮ ወዲያው ይመለሳል፤ ስረዛው ግን ከጀርባ ይቀጥላል። የተሰረዘ ስብስብም አይመለስም። የሙከራ ስብስብን በየምሽቱ እንዲያጸዳ የታዘዘ ፕሮግራም በአንድ ቃል ስህተት የመደበኛውን ሥራ ስም ቢይዝ የሕሙማን ቀጠሮ ዳታቤዝ ከነማከማቻው ሊጠፋ ይችላል።

ይህን ለመከላከል የሚከተሉት እርምጃዎች ይመከራሉ፦

- የሙከራና የመደበኛ ሥራ ስብስቦችን በተለያዩ የደንበኝነት መዝገቦች ማኖር፤ የማጽጃ ፕሮግራሙም በሙከራው መዝገብ ላይ ብቻ ሥልጣን እንዲኖረው ማድረግ።
- በመደበኛው ሥራ ስብስብ ላይ የመሰረዝ መከላከያ ቁልፍ ማኖር። ቁልፉ እስኪነሳ ድረስ ባለቤቱም ጭምር ስብስቡን ሊሰርዝ አይችልም።
- የመጠባበቂያ ቅጂን በሌላ ስብስብ ማስቀመጥ። በዚያው ስብስብ የተቀመጠ ቅጂ ከዋናው ጋር ለመጥፋት የተጋለጠ ነው።

ቁልፉ የሚጠብቀው ሀብቱን እንጂ በውስጡ ያለውን መረጃ አይደለም። ዳታቤዙ እንዳይሰረዝ ይከለክላል፤ በዳታቤዙ ውስጥ ያሉ መዝገቦች እንዳይሰረዙ ግን አይከለክልም።

«የሀብት ስብስብ» የሚለው ስያሜ በሁሉም ዘንድ አንድ ትርጉም እንደሌለውም ማወቅ ይገባል። በአማዞን ዌብ ሰርቪስስ ተመሳሳይ ስም ያለው አገልግሎት ሀብቶችን በመለያቸው ሰብስቦ የሚያሳይ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ሲሰረዝ ሀብቶቹ አይጠፉም። ከአንዱ አገልግሎት ወደ ሌላው የሚሸጋገር አልሚ ይህን ልዩነት ሳያጣራ የስረዛ ትእዛዝ መስጠት የለበትም።

የግል መረጃን የሚይዙ ሥርዓቶች

ለምሥራቅ አፍሪካ ተጠቃሚዎች በአንጻራዊነት ቅርብ ከሆኑት የአዙር አካባቢዎች መካከል በደቡብ አፍሪካና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሚገኙት ይጠቀሳሉ። ቦታ መምረጥ ግን የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ከአገር ውጭ የሚተላለፍበትን ሁኔታ ይደነግጋል። የዜጎችን መረጃ የሚይዝ ተቋም በኮዱ ላይ የቦታ ስም ከመጻፉ በፊት የአዋጁን ድንጋጌዎች ከሕግ ክፍሉ ጋር ማየት ይጠበቅበታል።

ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ስብስብ መፍጠር ክፍያ ያስከትላል?
አያስከትልም። ክፍያ የሚጠየቀው በውስጡ ላሉት ሀብቶች ነው። አገልግሎት ላይ ያልዋለ ሀብት እስካልተወገደ ድረስ ሊያስከፍል ስለሚችል ሥራው ያበቃ ስብስብ ይዘቱ ተመርምሮ ሊወገድ ይገባል።

ሀብትን ከአንድ ስብስብ ወደ ሌላ ማዛወር ይቻላል?
ብዙዎቹን ይቻላል፤ የማይፈቀድላቸው ዓይነቶችም አሉ። ቢዛወርም ሀብቱ የሚሠራበት የዳታ ማዕከል አይለወጥም።

ፕሮግራሙ ፈቃድ እንደሌለው ቢገልጽ ምን ይደረጋል?
በመጀመሪያ የመዝገቡ ቁጥር ትክክል መሆኑና ፕሮግራሙ በየትኛው አካውንት እንደገባ ይጣራል። ከዚያም የተቋሙ የሥርዓት አስተዳዳሪ ለሥራው የሚበቃውን ሥልጣን ብቻ እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን መጠየቅ አይመከርም።