«ከዛፍ የወጣ ነው፣ ስኳር አይደለም»



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ከአሜሪካ ሜፕል ሲረፕ መጣልኝ። ተፈጥሯዊ ስለሆነ ለስኳር ታማሚ ይሆናል አይደል?» መልሱን ከአክስቴ ታሪክ ልጀምርላችሁ። እንድጽፈው እሷው ፈቅዳልኛለች።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ቦስተን የምትኖረውን አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አንድ ቅዳሜ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ተጉዘን ቬርሞንት ውስጥ ሲረፕ የሚያመርት ቤተሰብ ጋ ሄድን። ቬርሞንት በሜፕል ሲረፕ ምርት ከአሜሪካ ግዛቶች አንደኛ ናት። ወቅቱ በኛ አቆጣጠር ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ገደማ ነው። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝና ቀኑ ሞቅ ሲል፣ ዛፉ ውስጥ በሚፈጠረው ግፊት ፈሳሹ በተበሳው ቀዳዳ ይወጣል። ዛፉ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ጣዕሙ ስለሚበላሽ ሥራው ያበቃል።

ቤቱ ከጣውላ የተሠራ ነው፤ በጣሪያው ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎላል። አባትየው ማፍያው ላይ ቆመዋል፣ ልጃቸው እንጨት ይማግዳል፣ ሴት ልጃቸው ጠርሙስ ትሞላለች። ሽታው ልዩ ነው! እኔ «ሜፕል» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ሜዲካል ስኩል ነው። የአንዳንድ ሕፃናት ሽንት እንደ ሜፕል ሲረፕ የሚሸትበት በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ። (አትደንግጡ፣ በሽታው ሲረፕ በመብላት አይመጣም።)

አባትየው ገና ያልፈላውን የዛፍ ፈሳሽ በትንሽ ኩባያ ሰጡን። አክስቴ ቀምሳ «እንዴ፣ ይሄማ ውሃ ነው!» አለች። ልክ ናት። ከዛፉ የሚወጣው ፈሳሽ ስኳሩ 2 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው፤ የቀረው ውሃ ነው ማለት ይቻላል። 1 ሊትር ሲረፕ ለማግኘት 40 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ሙቀቱ 104 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ይፈላል። ቅቤ ሲነጠር ውሃው ሄዶ ቅባቱ እንደሚቀር ሁሉ፣ እዚህም ውሃው ይሄዳል፣ ስኳሩ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ከሲረፑ ክብደት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ስኳር ነው።

አክስቴ ግን ይህን ሁሉ በዓይኗ አይታ፣ «ከዛፍ የወጣ ነው» ብላ ትልቁን ጠርሙስ ገዛች። 😅

እሁድ ጠዋት ፓንኬኳ ላይ ሳትለካ አፈሰሰችው። ያስደነገጠኝ ግን ቀጥላ ያለችው ነው። «ዛሬ ሜትፎርሚኔን ተውኳት፤ ስኳር አልበላሁማ!» ከሁለት ሰዓት በኋላ ስንለካው 268። መሣሪያውን አይታ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ማምረቻው ውስጥ ቆመን ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ለእናንተ ላስረዳ፦

✅ 1 የሾርባ ማንኪያ ሜፕል ሲረፕ 12 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ይህ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ዓይነቱም በአብዛኛው ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ያው ስኳር ነው።

✅ ማንጋኒዝና ቫይታሚን ቢ2 አለው፣ እውነት ነው። ግን ማንጋኒዝ ከፈለጋችሁ ጤፋችሁ ሞልቶታል፤ ለዚህ ብላችሁ ስኳር አትጠጡ።

✅ ከተራው ስኳር ትንሽ ዝግ ብሎ ደም ውስጥ ይገባል። ልዩነቱ ግን «እንደ ልብ ብሉ» የሚያስብል አይደለም።

✅ የዓለም ጤና ድርጅት ማርን፣ ሲረፕንና የፍራፍሬ ጭማቂን መቀነስ ካለበት ስኳር ጋር ይቆጥራቸዋል። ለአዋቂ ሰው በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሲረፕ ይህን ይጨርሰዋል።

✅ ጠቆር ያለው ሲረፕ ስኳሩ ያነሰ አይደለም፤ የሚለየው ጣዕሙ ነው። «ፓንኬክ ሲረፕ» የሚባለው ርካሹ ደግሞ በአብዛኛው ጣዕም የተጨመረበት የበቆሎ ሲረፕ ነው።

⚠️ መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ስኳራችሁ ከ70 በታች ወርዶ ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ከመጣ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሰዱ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፤ ካልተስተካከለ ድገሙት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም ነገር አፉ ውስጥ አትጨምሩ፤ ቶሎ ወደ ሆስፒታል!

አክስቴ ጠርሙሱን አልጣለችውም፣ እኔም ጣይ አላልኳትም። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣ እሁድ እሁድ አንድ የሻይ ማንኪያ ለክታ ትቀምሳለች። ኪኒኗን ግን አታቋርጥም። በቀደም ደውላ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ለካ ነግረውን ነበር፤ ቤቱን ሹገር ሃውስ፣ የስኳር ቤት አይደል የሚሉት?» 😂

«ተፈጥሯዊ ነገር ጀመርኩ» ብሎ የስኳር መድኃኒቱን ያቆመ ሰው ከቤታችሁ ካለ፣ ዛሬውኑ ይህን አንብቡለትና ከሐኪሙ ጋር አገናኙት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ለወዳጅ ዘመድም ሼር አድርጉ።

መልካም ጤና! 💚