የሚያደነዝዘው መርፌ ምን ያደርጋል?

ጥርስ ሲነቀል ድድ ላይ የሚወጋው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ሊዶኬይን ነው። ሕመም ወደ አንጎል የሚደርሰው በነርቭ ላይ በሚተላለፍ የኤሌክትሪክ መልእክት ነው፤ መልእክቱ የሚነሳውም የሶዲየም አዮኖች በነርቩ ሽፋን ላይ ባሉ ጥቃቅን መተላለፊያዎች ወደ ውስጥ ሲገቡ ነው። ሊዶኬይን ነርቩ ውስጥ ይዘልቅና መተላለፊያዎቹን ከውስጥ በኩል ይዘጋቸዋል። መልእክቱ እዚያው ይቀራል፤ ታካሚው ግን ነቅቶ ያወራል። ሕመሙ ጠፍቶለት ሳለም የሐኪሙ እጅ ሲጫነው ሊሰማው ይችላል፤ ቀጫጭኖቹ የሕመም ነርቮች ቀድመው ይደነዝዛሉና።

መግል በያዘ ድድ ላይ ግን መድኃኒቱ ይደክማል። የተቆጣው ሥጋ አሲድነቱ ስለሚጨምር፣ አብዛኛው መድኃኒት የነርቩን ሽፋን ማለፍ ያቅተዋል።

ከሊዶኬይን በፊት ለማደንዘዣነት ያገለገለው ሌላ መድኃኒት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ሐኪሙ ካርል ኮለር ቪየና ውስጥ ለዓይን ቀዶ ሕክምና የተጠቀመው ኮኬይንን ነበር። ኮኬይን ሱስ ያስይዛል፣ ይመርዛልም። ሊዶኬይን በስዊድን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው።

ዛሬ ቁስል ሲሰፋ ሊዶኬይን ይወጋል፤ በቀዶ ሕክምና ለምትወልድ እናት ደግሞ ቡፒቫኬይን የተባለ ተመሳሳይ ማደንዘዣ በጀርባዋ በኩል ይሰጣል፤ ልጇ ሲወጣ ነቅታ ታየዋለች። የእነዚህ መድኃኒቶች መጠን ከበዛ ልብንና አንጎልን ያውካል። ስለዚህ የልብ ሕመም ወይም አለርጂ ካለባችሁ ከመወጋታችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ።