የ252 ሚሊዮን ዶላሩ ሰውዬ፦ ዳላስ ዛሬም የሚከራከርበት ተጫዋች

ዳላስና ፎርትዎርዝ አካባቢ ታክሲ የነዳ ወይም ነዳጅ ማደያ ሲሠራ ያደረ ኢትዮጵያዊ አንድ ስም ሳይሰማ አይቀርም፤ አሌክስ ሮድሪገስ። ጨዋታው ሳይገባን ስሙ ገባን። ቤዝቦልን መጀመሪያ ስናይ አንዳንዶቻችን ከገና ጨዋታ ጋር አዛምደነው ነበር። ዱላ አለ፣ ኳስ አለ፣ ሩጫም አለ። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም እንላለን፤ እዚህ ግን ጌታውም ሎሌውም ይቆጣል። በተለይ በዚህ ሰውዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የቴክሳስ ሬንጀርስ ባለቤት የነበሩት ቶም ሂክስ ቡድኑን በ1998 ዓ.ም. ጆርጅ ቡሽ ካሉበት የባለሀብቶች ቡድን የገዙት በ250 ሚሊዮን ዶላር ግድም ነበር። በዲሴምበር 2000 ደግሞ የ25 ዓመቱን ሮድሪገስን ከሲያትል አስመጥተው የአሥር ዓመት ውል አስፈረሙት፤ በ252 ሚሊዮን ዶላር! ቡድኑ ከተሸጠበት ዋጋ የአንድ ተጫዋች ውል በለጠ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ወደ ሲያትል ሲመለስ የቀድሞ ደጋፊዎቹ የሐሰት ገንዘብ በተኑበት።

ሰውዬው ግን አልሰነፈም። በሦስት ዓመት 156 ሆም ረን መታ፤ በ2003ም የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ተብሎ ተመረጠ። ቡድኑስ? በዓመት ከሚደረጉት 162 ጨዋታዎች በ2001 ዓ.ም. 73፣ በቀጣዩ 72፣ ከዚያም 71 አሸንፎ፣ አራት ቡድኖች ባሉበት ምድብ ሦስቱንም ዓመት መጨረሻ ወጣ። አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም የሚለው ያገራችን አባባል ለዚህ የተነገረ ይመስላል። በቤዝቦል ነጥብ እንዳይቆጠር የሚከላከለው በዋናነት ኳስ ወርዋሪው ነው፤ የሬንጀርስ ወርዋሪዎች ደግሞ እንደ ወንፊት ያፈስሱ ነበር። ችግሩን ያስወግዳል ተብሎ በ65 ሚሊዮን ዶላር የመጣው ኮሪያዊው ቻን ሆ ፓርክም አልሆነለትም።

እኛ ከተሳፋሪዎቻችን የሰማነው ክርክር በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ገንዘቡን ሁሉ እሱ በላው፣ ለወርዋሪ ምን ቀረ?» ባይ ነው። ሌላው ደግሞ «ሰጡት፣ ተቀበለ፤ ሥራውንም ሠራ» ይላል። እኛ ከሁለተኛው ጋር ነን። ቼኩን የፈረመው እጅ የማን ነበር? ደጋፊው ግን የባለቤቱን ቢሮ አያየውም፤ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚታየው ተጫዋቹ ነው፤ ጩኸቱም እሱ ላይ ያርፋል። እኛስ ብንሆን? በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓል ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ እዚሁ ዳላስ፣ ሌላው በባለሀብት ገንዘብ ዋሽንግተን ሲካሄድ፣ ስንቶቻችን የገንዘቡን ጉዳይ ትተን ኳስ ሊጫወት በሄደው ልጅ ላይ ጮኽን?

በጃንዋሪ 2004 ሮድሪገስን አምበል አድርገው ሾሙት። በፌብሩዋሪ ለኒውዮርክ ያንኪስ ሰጡት! በለውጡ አልፎንሶ ሶሪያኖና አንድ ወጣት ተጫዋች መጡ፤ ሬንጀርስ ደግሞ ከቀሪው ደመወዝ 67 ሚሊዮን ዶላሩን ሊከፍል ተስማማ። ለሌላ ቡድን እየተጫወተ ቴክሳስ ይከፍለዋል ማለት ነው። እሱ በሄደበት ዓመት ማይክል ያንግ ቦታውን ይዞ ቡድኑ 89 ጨዋታ አሸነፈ። ያን በጋ ታክሲያችን ውስጥ የነበረውን ደስታ የሰማ ያስታውሰዋል።

በ2009 ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ሮድሪገስ ከ2001 እስከ 2003፣ ማለትም በቴክሳስ ቆይታው፣ የተከለከለ አበረታች መድኃኒት መውሰዱን በቴሌቪዥን አመነ። እዚህ ላይ እኛም ጠበቃነታችንን ተውን። ገንዘቡን የሰጡት ሌሎች ናቸው፤ መድኃኒቱን የወሰደው ግን ራሱ ነው። ልጁን ይዞ አርሊንግተን ባለው ሜዳ ከዚያ ሙቀት ጋር ሲታገል የዋለው አባት ያያቸው ሆም ረኖች ስንቶቹ የእውነት እንደነበሩ ማን ይነግረዋል? በ2014 ዓ.ም. ዳግመኛ በተመሳሳይ ጉዳይ ሙሉ ዓመት ታገደ።

በሜይ 2010 ሬንጀርስ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ሲያመለክት፣ ቡድኑ ዕዳ አለበት ከተባሉት ሰዎች ዝርዝር ላይኛው ረድፍ የማን ስም ተገኘ? የሮድሪገስ፤ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 22 ምሽት ያው ኪሳራ የነካው ቡድን ያንኪስን 6 ለ 1 እየመራ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ ሊመታ የቆመው ሮድሪገስ ነው። ወርዋሪው ኔፍታሊ ፌሊዝ ኳሷን ላከ፤ ሮድሪገስ ዱላውን ሳያነሳ አያት፤ አለቀ። ሬንጀርስ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዋናው ዋንጫ ደረሰ። በዋንጫው በ2010ም በ2011ም ተሸንፎ ተመለሰ እንጂ።

ዋንጫው የመጣው በ2023 ነው። ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ኮሪ ሲገር የሚጫወተው ሮድሪገስ ይጫወትበት በነበረው ቦታ፣ ለአሥር ዓመት፣ በ325 ሚሊዮን ዶላር ነው። በዚህ ጊዜ ግን ናታን ኢዮቫልዲን የመሰለ ወርዋሪ ነበር፤ በዚያ ጥሎ ማለፍ አምስት ጨዋታ አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም። ስለ 325ቱ ሚሊዮን ሲያማርር የሰማነው ተሳፋሪ እስካሁን የለም።