ከቸርኬው በፊት ፍሬኑ

ስለ መኪና ልጽፍ መሆኑን ሲሰማ ልጄ ሳቀብኝ። «እማዬ፣ አንቺ ስለ ክትባት ጻፊ እንጂ ከመኪና ጋር ምን አገናኘሽ?» አለ። ነገሩ ሐሰት አይደለም። በነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራሁት በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ነው፤ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ነገር ግን በሌሊት በቃሬዛ የሚመጣውን ተጎጂ ስቀበል የኖርኩ ሰው ነኝና፣ መኪና ምን ሲጎድላት ምን እንደምታደርስ ከብዙ ሾፌር የበለጠ አይቻለሁ። ደግሞም የቤታችን መኪና ግማሽ ዋጋ የወጣው ከእኔ ነው። ስለዚህ ያገባኛል።

መኪናዋ ሰው ሁሉ «ዲኤክስ» የሚላት ቶዮታ ኮሮላ ናት። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች በመሆኗ ከልጄ በዕድሜ ትበልጣለች። ልጄ የሚኖረው ከእኔ ጋር ኩታበር፣ የሚሠራው ደሴ ነው፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። እኔ ለደም ግፊት ክትትሌ፣ የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ደግሞ ለዘመድ ጥየቃ አብረነው እንሳፈራለን።

አምና እቁብ ወጣልኝ፤ 60 ሺህ ብር። በዚያው ሳምንት ልጄ በደብተር ወረቀት ላይ የጻፈውን ዝርዝር ይዞ ቡናው ላይ ደረሰ። ሰፋ ያለ ባለ 15 ቸርኬ ከነጎማው፣ 100 ዋት አምፖል፣ ድምፅ ያለው ማርሚታ፣ ለመስታወቱ ጥቁር ላስቲክ፣ ትልቅ ስፒከር፣ በመጨረሻም ከሞተሩ ሥር የሚታሰር የብረት መከላከያ። «ሞዲፋይ ስትደረግ አዲስ መኪና ነው የምትመስለው» አለኝ። «ፍሬኑስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ይይዛል» አለ። ስለ ፍሬን ተጠይቆ «ይይዛል» ማለት፣ ስለ በሽተኛ ተጠይቆ «ትንሽ ትንሽ ይተነፍሳል» እንደ ማለት ነው።

አልፈረድኩበትም። አዲስ መኪና መግዛት ለእንደ እኛ ዓይነቱ ቤተሰብ የማይታሰብ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ እነዚህ አሮጌ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ሰው ያለውን ቢያሳምር ምን ይገርማል? ጥያቄው ሌላ ነው፤ በየቀኑ ለሚኬድበት መንገድ የወጣው ብር ምን ይመልሳል?

የማርሚታው ነገር

እኔ በእቁቡ ብር ላይ ሳመነታ፣ ልጄ ማርሚታውን በራሱ ኪስ አስለወጠው። የቀድሞው ተቆርጦ ወጣ፤ በምትኩ አጭርና ወፍራም ቱቦ ተበየደ። መኪናዋ ስትነሳ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። «ጉልበት ጨመረች» አለ ልጄ። ድምፅ መጨመሯን እኔም እመሰክራለሁ።

በሐምሌ አንድ ጠዋት ሦስታችን ወደ ደሴ ወጣን። ዝናብና ጭጋግ ስለነበር መስታወቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ብዙም ሳንርቅ የልጅ ልጄ «ራሴን አመመኝ» አለች። እኔም ግንባሬን ወግሮኛል፤ ቁርስ ስላልበላሁ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ልጄ ደጋግሞ ያዛጋል። ቦሩ ሜዳ ስንደርስ ልጅቷ አስመለሳት። ወርደን በዚያ ብርድ ውስጥ ቆምን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ራስ ምታቱ ከሦስታችንም ለቀቀ።

ልጄ «የመኪና ጉዞ ነው የረበሻት» አለ። እኔ ግን አላመንኩም። አንድ ሰው ብቻ ሲታመም ምክንያቱ ከሰውየው ይፈለጋል፤ አብረው የተቀመጡት ሁሉ በአንድ ጊዜ ታመው፣ ሲወጡ በአንድ ጊዜ ሲድኑ ግን ምክንያቱ ከክፍሉ ይፈለጋል። በክረምት ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ያደሩ ቤተሰቦች እንዲሁ ሆነው ሲመጡልን አውቃለሁ። አንዳንዶቹ አልተነሱም።

የቀረውን መንገድ መስታወት ከፍተን፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥን ገባን። ደሴ ያለ አንድ አንጋፋ መካኒክ መኪናዋን አንስቶ አሳየን። አዲሱ ቱቦ የተበየደበት መገጣጠሚያ ተሰንጥቋል፤ ቱቦው ስላጠረም ጭሱን የሚተፋው ከመኪናዋ ሆድ ሥር ነው። ከኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ ወለል ደግሞ ዝጎ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። ጭሱ የሚገባው በዚያ ነበር። «አብሽሩ ሲስተር፣ በጊዜ ነው የደረሳችሁ» አለኝ።

ከሞተር ጭስ የምንሸተው ሌላ ነው፤ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። በእኛ ደጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። መጀመሪያውኑ በሳሳው ኦክስጅን ላይ ሌላ ሻሚ ተጨመረበት ማለት ነው።

መካኒኩ አንድ ሌላ ነገርም አስተማረን። አየሩ ሲሳሳ የሚቸገረው ሰው ብቻ አይደለም። እንደ ዲኤክስ ያለ ባለ ካርቡራተር ሞተር ከፍታ ላይ ጉልበቱ በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ለቆላ እንደተስተካከለ ከቀረም ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይጠጣል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጥቁር ጭስ ይሆናል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱንም ያበዛዋል። መድኃኒቱ ማርሚታ መቁረጥ ሳይሆን ካርቡራተሩን ለደጋው ማስተካከል፣ የአየር ፊልትሮውን መቀየርና ካንዴላውን ማጽዳት ነው። መካኒኩ ይህንኑ በግማሽ ቀን ሠራው፤ ዝግ የነበረውንም ቀዳዳ በላሜራ ደፈነው። ልጄ የሚፈልገው «ጉልበት» የተገኘው ከዚያ ነው። በ2017 ዓ.ም ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ደግሞ ይህ ሥራ በየሳምንቱ ኪስ ላይ የሚታይ ነው።

ማን ይቅደም?

በድንገተኛ ክፍል ብዙ ተጎጂ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ማን ይቅደም የሚለውን የምንወስነው በጩኸቱ አይደለም። ጣቱ የተሰበረው ይጮሃል፤ መተንፈስ ያቃተው ግን ዝም ይላል። የሚቀድመው ዝም ያለው ነው። መኪናም እንዲሁ ናት። ቸርኬና ስፒከር ይጮሃሉ፤ ፍሬን፣ ጎማና ቀበቶ ዝም ይላሉ። ያን ማታ የልጄን ዝርዝር ገልብጬ በወረቀቱ ጀርባ ላይ እንደ ነርስ ጻፍኩት።

አንደኛ፣ ፍሬን። የፍሬን ሸራውና ፓዱ ተቀየረ፤ የፍሬን ዘይቱም እንዲሁ። የፍሬን ዘይት ከአየሩ ውስጥ እርጥበት እየሳበ ይኖራል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፣ ያን ጊዜ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል የምትወርዱ ሁሉ ይህን አስቡት። በከባድ ማርሽ መውረድ ደግሞ ሳንቲም የማያስወጣ «ሞዲፋይ» ነው።

ሁለተኛ፣ ጎማ። በእኛዋ መኪና ጎማ ላይ 165/80 እና 13 ተጽፏል። ጎማው 165 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 80 በመቶ ማለትም 13 ሳንቲ ሜትር ነው። ልጄ የፈለገው ባለ 15 ቸርኬ የሚጎርሰው 195/50 ጎማ ግን የጎኑ ቁመት 10 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ቸርኬው ባደገ ቁጥር ጎማው ይሳሳል፤ ድንጋይና ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ላይ ድንጋጤውን የሚውጠው ደግሞ ያ የተቀነሰው ጎማ ነው። እሱ ሲሳሳ ቸርኬው ይጣመማል፣ ጎማው ይቀደዳል፣ የቀረው ወደ ወገባችን ይመጣል። ስለዚህ በመጠኑ አራት አዲስ ጎማ ገዛን። ስትገዙ በጎማው ጎን ላይ ያለችውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ፤ 3519 ቢል በፈረንጆቹ 2019፣ በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ በእኛ ነሐሴ 2011። ብዙ አምራቾች ጥርሱ ባያልቅ እንኳ ከአሥር ዓመት በላይ እንዳይነዳበት ይመክራሉ። መድኃኒት ጊዜው ሲያልፍ እንደሚጣል ሁሉ ጎማም ጊዜው ያልፋል።

ሦስተኛ፣ ቀበቶ። የኋላ ወንበራችን ቀበቶ አልነበረውም። መካኒኩ ከመቀመጫው ሥር ፋብሪካው ያዘጋጀውን የብሎን ቦታ አግኝቶ አሰረልን። ለልጅቷም ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ የልጅ ወንበር ገዛን፤ ቀበቶ በልጅ ሆድ ላይ ሳይሆን በዳሌ ላይ ማረፍ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመኪና አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው ይገድላል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድም የሞት ቀዳሚው ምክንያት ነው። ቀበቶ ከፊት የሚቀመጡትን የሞት አደጋ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከመሞት መሰንበት የሚባለው ይህ ነው።

አራተኛ፣ መብራት። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች ሲበሩ በሽቦው ውስጥ 9 አምፔር ገደማ ያልፋል፤ ባለ 100 ዋት ሲሆኑ ወደ 17 ይጠጋል። ለ9 የተዘረጋ አሮጌ ሽቦ 17 ሲጭኑበት ይግላል፣ ይቀልጣል፤ ከፊት የሚመጣውም ሾፌር ይታወራል። የእኛ መብራት የደከመው አምፖሉ አንሶ ሳይሆን መስታወቱ ደፍርሶና አቅጣጫው ተዛብቶ ነበር። ተወለወለ፣ ተስተካከለ፣ በቃው። ጥቁሩ ላስቲክ ከነአካቴው ቀረ፤ በጭጋግና በጨለማ ለሚነዳ ሰው ዓይኑን መሸፈን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ልጄ የረታኝ

ሁሉም የእኔ ድል አልነበረም። የብረት መከላከያውን «ከንቱ ወጪ» ብዬ ተከራክሬ ነበር። ልጄ ግን ጥርብ ብረት አስቆርጦ ከሞተሩ ሥር አሳሰረው። ከወር በኋላ ዘመድ ጥየቃ በጠጠር መንገድ ስንሄድ አንድ ድንጋይ ከሥራችን ጓ አለ። ቆመን ብናይ ብረቱ ጎድጉዷል፤ በላዩ ያለው የዘይት ኮፓ ግን ደህና ነው። ኮፓው ቢቀደድ ኖሮ ዘይቱ ፈስሶ ሞተሩ ይነክስ ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት። ልብ ብዬ ሳየው የእሱ ብረትና የእኔ ቀበቶ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም የሚመልሱት እዚሁ በምንሄድበት መንገድ ላይ የሚያጋጥመንን ነው።

ነገሩ ከቤት መኪናም ያልፋል። በየመንገዳችን የምንሳፈርበት «ቅጥቅጥ» ራሱ የጭነት አይሱዙ ሻንሲ ላይ እዚሁ አገር ውስጥ የተሠራ አካል ነው። ሥራው ሺዎችን ያጓጓዘ፣ ብዙ ባለሙያ ያበላ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ወንበሩ ከወለሉ ጋር እንዴት ታሰረ? ቀበቶስ አለው? ብሎ መጠየቅ የተሳፋሪ መብት ነው። ወንበር ከነሰው ተነቅሎ የመጣባቸውን ሌሊቶች አልረሳም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየጊዜው እንዲመረመር ያዘዘው ለዚህ ነው። ቦሎ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ብቻ እንዳይሆን የመኪናው ባለቤት ራሱ ይጠንቀቅ።

ውድ አንባቢያን፣ መኪናችሁ ላይ ብር ልታወጡ ስትሉ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ ነገር በየቀኑ በምሄድበት መንገድ ላይ ይጠቅመኛል ወይስ ሲቆም ነው የሚታየው? መሐንዲሱ አስቦ ያስቀመጠውን ምን ነገር ያስወጣብኛል? ገና ያልተሠራ ፍሬን፣ ጎማ ወይም ቀበቶ አለኝ ወይ? የሦስተኛው መልስ «አለኝ» ከሆነ የቀሩትን ሁለቱን መመለስ አያስፈልግም።

ከ60 ሺው የተረፈው ትንሽ ብር ለቤት ወጪ ሆነ። ማርሚታው ወደ ቀድሞው ዓይነት ተመልሷል፤ ልጄ ማታ ሲገባ ጎረቤት አይነቃም። የልጅ ልጄ አሁን መኪና ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው እኔን ነው፤ «እማማ፣ ቀበቶሽ!» ትለኛለች። ልጄ ግን ቸርኬውን ከልቡ አላወጣውም። ለእሱ ብሎ የራሱን እቁብ ገብቷል። በራሱ ብር ቢገዛ አልከለክለውም። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን ቁጥሮች ግን መነጽሬን አድርጌ የማነባቸው እኔ ነኝ።