ውስጡን ለቄስ

ስሙኝማ፣ ጠጋ በሉ። ይህን ጮክ ብዬ አልናገረውም፤ እንጀራዬ ከዚሁ ከፊኒሺንግ ሥራ ነው። ማን ነገራችሁ ቢሏችሁም እኔን አታውቁኝም።

ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ዙሪያውን የሚሄደው የጂፕሰም ጌጥ አለ አይደል? ደንበኛ ሲመጣ አበባውን፣ ቅጠሉን፣ ጥቅልሉን እናሳየዋለን። እሱ አበባ ሲመርጥ እኛ ዓይናችን ማዕዘኑ ላይ ነው። ምክንያቱም ያ ጌጥ ከማስዋብ በፊት የመሸፈን ሥራ አለበት። በእጅ የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ቀጥ ያለ መስመር አይሰጥም፤ አንዱ ጋ ይጎደጉዳል፣ ሌላው ጋ ያብጣል። በችፑድ ኮርኒስ ጊዜ ይህን ገመና የሚሸፍነው ኮርነር ሊስት የሚባለው ቀጭን እንጨት ነበር። ከዚያ በፊት፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ በነበረበት ቤት፣ ጠርዙን ቀና ብሎ የሚያይም አልነበረም። ጂፕሰም መጣና ሁሉም ሰው ወደ ላይ ማየት ጀመረ።

በሥራችን ውስጥ ከሁሉም በላይ የምትሰሙት ውሸት ይቺ ናት፦ «እትዬ፣ አያስቡ፤ ቀለም ሲቀባ ይጠፋል።» አይጠፋም። ቀለም የቀለም ልዩነትን ይሸፍናል እንጂ ስንጥቅን አይሸፍንም፤ እንዲያውም አንድ ወጥ ነጭ ሲሆን ስንጥቁ ጥላ እየጣለ ይጎላል። የሚሸፈነው በስቱኮ ወይም በጂፕሰም ተሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሸት ነው። መሙላት በራሱ ነውር አይደለም፤ የትኛውም ጎበዝ ባለሙያ መጋጠሚያውን ሳይሞላ አይወጣም። ነውሩ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ በጂፕሰም መጠቅጠቅ ነው። ያ ሙሌት ሲደርቅ ከዳር ይላቀቃል፣ ከዚያ እኛ ሌላ ሰፈር እየሠራን እናንተ ስልክ ትደውላላችሁ።

ክፍተቱ ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ብዙ ሠራተኛ ማዕዘን ሁሉ 90 ዲግሪ ነው ብሎ ሁለቱንም ቁራጭ በ45 ይቆርጣል። ቤታችሁ ግን 90 አይደለም። ካላመናችሁኝ ሜትር አምጡ፤ ከማዕዘኑ ተነሥታችሁ በአንዱ ግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው 80 ለኩና ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 100 ከሆነ ግንበኛችሁን መርቁት። 101 ከ7 ሚሊ ሜትር ገደማ ከመጣ ማዕዘኑ 92 ዲግሪ ነው ማለት ነው። ሁለት ዲግሪ ምን አላት አትበሉ። ወደ ኮርኒሱ 10 ሳንቲ ሜትር የሚዘረጋ ጌጥ በ45 ተቆርጦ እዚያ ማዕዘን ላይ ሲገጠም፣ ፊት ለፊት በሚታየው ጫፉ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አፉን ይከፍታል። ማዕዘኑ ከ90 ያነሰ ከሆነ ደግሞ ፊቱ ይገጥምና ከኋላ ይከፈታል፤ ይህኛው ለሠራተኛው ይመቸዋል፣ ምክንያቱም አይታይም።

ዲግሪ መቁጠር ሳያስፈልግ ይህን የሚፈታ ዘዴ አለ። ከጌጡ አጭር ቁራጭ ትወስዱና ማዕዘኑ አጠገብ በአንደኛው ግድግዳ ላይ እንደሚገጠምበት አድርጋችሁ ትይዙታላችሁ፤ ኮርኒሱ ላይ የሚያርፈውን የፊት ጠርዙን ተከትላችሁ በእርሳስ ማዕዘኑን አልፎ የሚሄድ መስመር ታሰምራላችሁ። በሌላኛውም ግድግዳ እንዲሁ። ሁለቱ መስመሮች የተቋረጡበትን ነጥብ ከማዕዘኑ ጋር ስታገናኙት መቁረጫ መስመራችሁ እሱ ነው፤ ማዕዘኑ 88 ይሁን 93 ግድ አይሰጠውም። ረጅሙን ጌጥ ወደ ቦታው ከፍ አድርጋችሁ፣ ከላይ የተቋረጠውን ነጥብ፣ ከታች የግድግዳውን ማዕዘን ምልክት አድርጉበትና ከነጥብ ወደ ነጥብ ቁረጡ። እርሳስና ቁራጭ ብቻ ነው የሚፈልገው። ለምን ሁሉም አይሠራበትም? በሜትር የሚከፈለው ሰው ማዕዘን ላይ ቆሞ መስመር ሲያሰምር ቀኑ ይሄድበታል፤ ለማዕዘን ተብሎ የሚጨመርለት ብር የለም። በውሉ ላይ ለማዕዘን ለብቻው ክፈሉ፣ ልዩነቱን ታያላችሁ።

መጋዙ ላይ ደግሞ ጀማሪን ሁሉ የሚያሳስት ነገር አለ። ጌጡ የሚቆረጠው ጎንና ጎኑ ላይ የመጋዝ መግቢያ ስንጥቅ ባለው የእንጨት ገንዳ ውስጥ ተገልብጦ ነው፤ ኮርኒሱ ላይ የሚያርፈው ጠርዝ የገንዳው ወለል ላይ፣ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው የገንዳው ጎን ላይ ይሆናል። ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል፣ እዚያ ላይ ነው ብዙ ሜትር ጌጥ የሚባክነው። እኛ የምናስታውሰው እንዲህ ነው፦ የውስጥ ማዕዘን ከሆነ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጠርዝ ይረዝማል፤ ዓምድ ወይም ወደ ክፍሉ የወጣ የውጭ ማዕዘን ከሆነ ኮርኒሱ ላይ የሚያርፈው ይረዝማል። በደቃቅ ጥርስ መጋዝ፣ ከፊቱ በኩል ወደ ጀርባው፣ ሳትጫኑ። ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡና በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት፤ ያጠረ ጂፕሰም አይለጠጥም።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እናንተ ራሳችሁ ገዝታችሁ የምትገጥሙት የእንጨት ጌጥ ሌላ ጠባይ አለው። እንጨት በአየሩ ስለሚያብጥና ስለሚኮማተር፣ እዚያ ያሉ አናጢዎች የውስጥ ማዕዘኑን በ45 ከማጋጠም ይልቅ አንዱን ቁራጭ ቀጥ አድርገው ግድግዳ ድረስ ይሰዱና የሁለተኛውን ጫፍ በአንደኛው ቅርጽ ልክ ፈልፍለው ላዩ ላይ ያስተኙታል። በኤሌክትሪክ መጋዝ ጌጡን አጋድማችሁ የምትቆርጡ ከሆነ ደግሞ፣ ከግድግዳ ጋር 38 ዲግሪ ለሚሠራው የተለመደ ዓይነት 31.6 አግድሙን፣ 33.9 የምላጩን ማዘንበል ያዙ። እሱም 90 ዲግሪ ለሆነ ማዕዘን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ባልዲው ልውሰዳችሁ፤ ትልቁ ምስጢር ያለው እዚያ ነው።

ጂፕሰም ድንጋይ ነው። የዓባይ ሸለቆን በጎሐ ጽዮን በኩል የወረደ ሰው ገደሉ ውስጥ ንጣፉን አይቶት ያልፋል። ያ ድንጋይ ተፈጭቶ 150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲጋገር በውስጡ ካለው ውኃ ሦስት አራተኛውን ይለቅቃል፤ በከረጢት የምንገዛው ዱቄት እሱ ነው። ውኃ ስንጨምርበት የተወሰደበትን መልሶ ይጠጣና ድንጋይነቱን ይመልሳል። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ባልዲው ውስጥ መጠጠር የጀመረ ጂፕሰም ላይ ውኃ ጨምሮ የሚያማስል ሠራተኛ ካያችሁ፣ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ያ የሞተ ጂፕሰም ነው። ለጊዜው ይለሰልሳል፣ ይለጠፋል፣ ያምራል፤ ሲደርቅ ግን በጥፍር ይፈረፈራል። ኃይል የለውም። ጌጡን ከኮርኒሱ ጋር የያዘው እሱ ከሆነ አንድ ቀን ሶፋው ላይ ታገኙታላችሁ።

ለምን እንዲህ ያደርጋሉ? ዱቄቱ ስለሚቆጠርባቸውና ጂፕሰም ቶሎ ስለሚያስር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በትንሽ በትንሹ መበጥበጥ። ባልዲውም ንጹሕ መሆን አለበት፤ ከበፊቱ የተረፈ ደረቅ ፍርፋሪ ካለበት አዲሱን ያፈጥነዋል። ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ ደግሞ ያዘገየዋል፤ ይህን ብዙዎቻችን እናውቃለን፣ ሲበዛ ግን ያዳክመዋልና በጠብታ ነው። አንዳንዱ «እንዲጠነክር» ብሎ ሲሚንቶ ይቀላቅልበታል። በፍጹም አትፍቀዱ። ጂፕሰምና ሲሚንቶ እርጥበት ባገኙ ቁጥር እርስ በርስ እየተያያዙ ያብጣሉ፣ ያበጠው ይሰነጠቃል።

በነገራችን ላይ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ጌጥ ስትገዙ አበባውን ሳይሆን ጀርባውን አዙራችሁ እዩ። ጀርባው ላይ ቃጫ በደንብ ተሰራጭቶ ከታየ፣ ቢሰነጠቅ እንኳ ተያይዞ ይቀራል። ቃጫ የሌለው ቀጭን ቅጂ ከመኪና ሲወርድ ነው የሚሰበረው፣ ስብራቱም በእናንተ ሒሳብ ነው። ብዛቱን ራሳችሁ አስሉ፦ 4 በ5 የሆነ ክፍል ዙሪያው 18 ሜትር ነው፤ ለማዕዘን ብክነት አንድ አሥረኛ ጨምሩና 20 ብላችሁ ግዙ። ከዚያ በላይ የሚጠይቃችሁ ሰው ምክንያቱን ያስረዳችሁ።

አጣበቁም አንድ ሁለት ነገር አለው። ግድግዳው የዘይት ቀለም የተቀባ ከሆነ ጂፕሰም አይይዘውም፤ ጌጡ የሚያርፍበት ቦታ በሹል ነገር ተቧጭሮና ተቦርቡሮ ሻካራ መሆን አለበት። ባዶ ልስን ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ውኃ ይረጭበት፤ አለዚያ ደረቁ ልስን የጂፕሰሙን ውኃ ይመጠውና ሳያስር ይቀራል። ከባድ ጌጥ ፊሸርና ብሎን ይፈልጋል። ብሎኑና ሚስማሩ ዝገት የማይነካው ይሁን፤ ተራው ሚስማር እርጥብ ጂፕሰም ውስጥ ዝጎ ከቀለሙ ሥር ቡናማ ነጥብ ሆኖ ይወጣል፣ ደጋግመው ቢቀቡትም ይመለሳል። ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር፦ የብዙዎቹ ብሎኮች ጣሪያ በተገጣጣሚ ኮንክሪት አግዳሚዎች መካከል ባዶ ብሎኬት የተደረደረበት ነው። መሰርሰሪያው ባዶው ላይ ካረፈ ፊሸሩ አይጨብጥም፤ አግዳሚውን ፈልጎ ማግኘት ወይም ቀላል ጌጥ መምረጥ ይሻላል። ዝቅ ያለ ኮርኒስ ላይ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጌጥ ይበቃል፤ ከዚያ የሰፋው ክፍሉን ያሳጥረዋል።

የፎም ጌጥ ለራሱ ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው ይመቻል፤ ቀላል ነው፣ በምላጭ ይቆረጣል። ግን ቤንዚን ነክ ማሟሟቻ ያለው ማጣበቂያ ይበላዋል፣ እሳትም አይችልም፤ ከምድጃ በላይ አታድርጉት። ራሳችሁ ለምትሠሩ ሁሉ ምክሬ አንድ ነው፦ ልሙጥ ጌጥ ምረጡ፣ ለማዕዘኑም ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የማዕዘን ቁራጭ ግዙ። ያኔ የሚያስፈልጋችሁ ቀጥ ያለ ቁርጥ ብቻ ነው። አበባ የበዛበት ጌጥ ማዕዘን ላይ ቅጠል ከቅጠል መግጠም አለበት፤ ልምድ ያለውንም ሰው ያስለቅሳል።

ቅደም ተከተል ላይ የሚሳሳተው ባለቤቱ ነው። ቁም ሳጥኑ እስከ ላይ የሚደርስ ከሆነ እሱ ይቅደም፤ አለዚያ በሩ ሲከፈት ጌጡን ይገጨዋል። የመጋረጃው ዘንግ የት እንደሚያርፍም ቀድሞ ይታወቅ። ጎበዝ ባለሙያ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ይጀምራል፤ ረጅምና ያልተቀጠለ ጌጥ እዚያ ያደርጋል፣ የግድ የሚቀጥለውን ደግሞ ከበሩ በላይ ወዳለው ወደማይታየው ያሸሸዋል። ኮርኒሱ ትንሽ ካዘነበለ ውኃ ልኩን ትቶ ኮርኒሱን ይከተላል፤ ዓይን የሚያየው ማዘንበሉን ሳይሆን በጌጡና በኮርኒሱ መካከል የሚሰፋውን ክፍተት ነው።

ቀለም ቀቢውን አታስቸኩሉት። በእጃችሁ ጀርባ ጌጡን ንኩት፤ ከቀዘቀዛችሁ ገና እርጥብ ነው። በክረምት ይህ ብዙ ቀን ይፈጃል፣ ሠራተኛው ግን ሒሳቡን ለመዝጋት «ደርቋል» ይላችኋል። እርጥብ ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል። ቆርቆሮው የሚያፈስ ከሆነም አስቀድማችሁ አስደፍኑ፤ ጂፕሰም በውኃ ጥቂት በጥቂት የሚሟሟ ነገር ነው።

የመጨረሻውን ክፍያ ቀን አትክፈሉ። ሲመሽ ዋናውን መብራት አጥፉ፣ መሰላል ላይ ውጡና የስልካችሁን መብራት ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ ጌጡን ተከትላችሁ ወደ ጎን አብሩ። ቀን ያልታየ እብጠት፣ ያልተሞላ መጋጠሚያ፣ የተጣመመ መስመር ሁሉ ጥላው ይወጣል። ያገኛችሁትን በእርሳስ ክበቡት፤ ሠራተኛው ሲመጣ አትጨቃጨቁ፣ ክቡን ብቻ አሳዩት። ይህን እንደምታደርጉ ግን ሥራው ሳይጀመር ንገሩት፣ ውሉም ላይ ጻፉት፤ ያን ጊዜ መጋዙን ከማንሣቱ በፊት እርሳስ ያነሣል።