የፖለቲካ መምህር ሥራው ምንድን ነው?

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ሲባል ሳይሰማ ያደገ ልጅ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። በደርግ ዘመን ለኖሩ ወላጆቻችን ይህ አባባል ቀልድ አልነበረም፤ አንድ ቃል ሰውን ወህኒ ያስወርድ ነበር። ስለዚህ አንድ ተማሪ «የምማረው ፖለቲካና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ነው» ብሎ ቤት ሲገባ፣ እናት ዝም ትላለች፤ አባትም «ስትጨርስ ክኔሴት ልትገባ ነው?» ይላል።

ይህን ትምህርት የምንማር የማኅበሩ አባላት ሁለት ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣብናል። ወላጆች «አስተማሪው የየትኛው ፓርቲ ሰው ነው?» ይሉናል። አዲስ ተማሪዎች ደግሞ «ማርጼው መልሱን አይነግረንም፤ ታዲያ ምን እያስተማረን ነው?» ይሉናል። ሁለቱም ጥያቄ የሚመጣው የመምህሩ ሥራ ምን እንደሆነ ግልጽ ሆኖ ስላልተነገረ ነው። እስቲ እኛ እንሞክረው።

ፖለቲከኛና የፖለቲካ መምህር

ፖለቲከኛ ሕዝብ አሳምኖ ድምፅ ለማግኘትና ለማስተዳደር ይሠራል። የፖለቲካ መምህር ደግሞ ያ ፖለቲከኛ ለምን እንደተመረጠ፣ ሥልጣኑን ማን እንደሚቆጣጠረው፣ ውሳኔው ማንን እንደጠቀመና ማንን እንደጎዳ ይመረምራል። ሐኪም በሽታ ስላጠና በሽተኛ እንደማይባል ሁሉ፣ ፖለቲካን የሚያጠና ሰውም የግድ ፖለቲከኛ አይደለም።

ትምህርቱ ሁለት ክንፍ አለው። የፖለቲካ ሳይንስ በአብዛኛው በአንድ አገር ውስጥ ያለውን ያያል፦ ምርጫን፣ ፓርቲዎችን፣ ፍርድ ቤትን፣ የዜጎችን መብት። ዓለም አቀፍ ግንኙነት በአገሮች መካከል ያለውን ይመለከታል፦ ጦርነትን፣ ድርድርን፣ ንግድን፣ ስደትን። በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱ የተለያዩ የትምህርት ክፍሎች ናቸው፤ በሌሎች ቦታዎች አብረው ይሰጣሉ።

ዓለም አቀፍ ግንኙነት ራሱን ችሎ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከሆነ ብዙ ዘመን አልሆነውም። የመጀመሪያው የፕሮፌሰርነት ወንበር የተቋቋመው በ1919 በዌልስ፣ አበሪስትዊዝ ውስጥ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሚሊዮኖችን ፈጅቶ ገና ማብቃቱ ነበር። እንዲህ ያለ እልቂት ከየት እንደሚመጣ የሚያጠና ሰው ያስፈልጋል በሚል ሐሳብ የተጀመረ ሥራ ነው።

የአንድ ቀን ታሪክ በሦስት ጥያቄ

መምህሩ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት ከቤታችን ታሪክ እንነሣ። የዘመቻ ሰለሞንን ነገር ያልሰማ የለም፦ ወንበራቸው የተነቀለ አውሮፕላኖች፣ ሰው ላይ የተለጠፈው ቁጥር፣ እናት ልጇን አቅፋ ወለል ላይ መቀመጧ። ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991፣ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ እስራኤል ገቡ። እናቶቻችን ያንን ሌሊት እንዴት እንዳለፉት ይነግሩናል። መምህሩ ደግሞ «ለምን ያን ቀን ሆነ? ለምን ከዓመት በፊት አልሆነም?» ብሎ ይጠይቃል።

አሜሪካዊው ምሁር ኬኔት ዎልትዝ በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ የጦርነት ምክንያት በሦስት ቦታ ሊፈለግ እንደሚችል አሳየ፦ በሰው፣ በመንግሥት፣ በመንግሥታት መካከል ባለው ሥርዓት። መምህራን ይህን መንገድ ለሌላ ጉዳይም ይጠቀሙበታል። ዘመቻ ሰለሞንን በዚህ መንገድ እንየው።

ሰው ብንል፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሜይ 21 ከአገር ወጣ። እስከዚያ ድረስ የመውጫውን በር የያዘው እሱ ነበር። መንግሥት ብንል፣ የደርግ ጦር እየፈረሰ ነበር፤ አማፅያኑ ሜይ 28 አዲስ አበባ ገቡ። በእስራኤል በኩል የመንግሥት ውሳኔና የማኅበረሰባችን ሰዎች ግፊት ነበር፤ ለኢትዮጵያ መንግሥት የተከፈለውም 35 ሚሊዮን ዶላር አለ። የዓለምን ሁኔታ ብንል፣ የቀዝቃዛው ጦርነት አብቅቶ ሶቪየት ኅብረት ለደርግ የምትሰጠውን ድጋፍ ቀንሳ ነበር፤ አሜሪካም በድርድሩ ገብታ ነበር። በ1973 የተቋረጠው የኢትዮጵያና የእስራኤል ግንኙነት በ1989 ባይታደስ ኖሮ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ኤምባሲ ባልኖረ ነበር።

አሁን ከሦስቱ የሚበልጠው የትኛው ነው? አንዱ ተማሪ «ሰውየው ነው» ይላል፤ ሌላው «ዓለም ተለውጦ ነው» ይላል። መምህሩ ለአንዱ አይፈርድም። «ማስረጃህ ምንድን ነው? መንግሥቱ ባይወጣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ይላል። ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ሰምቶ ያስታርቃል፤ የፖለቲካ መምህር ግን ሁለቱን ሰምቶ ይብሱን እንዲከራከሩ ያደርጋል። መልስ መንፈጉ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ሥራው ይኸው ነው።

ከእኛ መካከል አንድ ተማሪ እንዲህ ባለ ውይይት ላይ እጁን አንሥቶ «ሕዝቡስ የት አለ?» ብሎ ነበር። ቤት ንብረታቸውን ጥለው ከጎንደር አዲስ አበባ የመጡትና ለወራት የጠበቁት ሰዎች ባይኖሩ፣ መንግሥታቱ ምኑን ይደራደሩ ነበር? መምህሯ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፈችው፤ የቀረው ክፍለ ጊዜም በሱ ላይ ዋለ። ከመጽሐፉ የጎደለውን ያመጣው ከአያቱ የሰማው ወሬ ነበር።

ከክፍል ውጭ ያለው ሥራ

ማርጼ በሳምንት ክፍል ገብቶ የሚያስተምረው ጥቂት ሰዓት ነው። የቀረው ጊዜ ለምርምር ይውላል፦ ሰነድ ማገላበጥ፣ ሰው ማነጋገር፣ መረጃ መቁጠር፣ መጻፍ። የጻፈውን ጽሑፍ ሌሎች ምሁራን መርምረው ካላለፉት አይታተምለትም። ከዚህ ሌላ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችን ያማክራል፣ ፈተና ያርማል፣ ኮሚቴ ይቀመጣል። አንዳንዱም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ለሕዝብ ያብራራል።

ማዕረጉም ደረጃ አለው፦ ማርጼ፣ ማርጼ ባኪር፣ ፕሮፌሶር ሐቬር፣ በመጨረሻ ፕሮፌሶር ሚን ሃሚንያን። ማርጼ ሚን ሃሑጽ የሚባለው ደግሞ በኮርስ የሚቀጠር ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ላይኖር ይችላል። ይህን ማወቅ ለተማሪ ይጠቅማል፤ ለማስተርስ የድጋፍ ደብዳቤ በሚያስፈልግ ጊዜ የሚያውቃችሁ ቋሚ መምህር ቢኖር ይሻላል።

የራሱ አቋምስ?

መምህሩም ሰው ነውና ድምፅ ይሰጣል፣ አቋም አለው። ክፍል ውስጥ ይናገረው ወይ የሚለው የቆየ ክርክር ነው። ጀርመናዊው ምሁር ማክስ ቬበር በ1917 ሙኒክ ውስጥ ለተማሪዎች ባደረገው ንግግር፣ ተማሪው ዝም ብሎ በሚሰማበት ቦታ መምህሩ ፓርቲውን መስበክ የለበትም ብሎ ነበር። የመምህር ዋና ሥራ ለተማሪው አቋም የማይመቸውንም እውነታ እንዲያይ ማስተማር ነው አለ። እዚህ አገርም በ2017፣ በትምህርት ሚኒስትሩ በናፍታሊ ቤኔት ጥያቄ፣ ፕሮፌሰር አሳ ካሸር የመምህራን የሥነ ምግባር ደንብ አረቀቁ፤ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች ግን የማስተማር ነጻነትን ይነካል ብለው ተቃወሙት።

ለእኛ የሚቀርበን ሌላ ነገር ነው። ስለ ተቃውሞ ሰልፍ በሚወራበት ክፍል የ2015 ወይም የ2019 የማኅበረሰባችን ሰልፍ ሲነሣ ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ተማሪ ይዞራል። ያ ተማሪ የማኅበረሰቡ ቃል አቀባይ ሆኖ አልተመዘገበም። ከፈለገ ይናገር፤ ካልፈለገ ሌላው እንደሚያደርገው ይጻፍ። ጥሩ መምህር ይህን ሳይነገረው ያውቃል፤ የማያውቅ ካለም ከክፍለ ጊዜው በኋላ በጨዋነት መንገር ይቻላል። መምህሩ የማይስማማበትን ሐሳብ መጻፍም ይቻላል። የሚታረመው ሐሳቡ በማስረጃ ቆሞ እንደሆነ ነው።

በሩን ማንኳኳት

ያደግነው መምህርን እንደ የቀለም አባት አክብረን፣ ዓይኑን ሳናይ፣ ሲናገር ሳናቋርጥ ነው። እዚህ ደግሞ ተማሪው ማርጼውን በስሙ ይጠራዋል፤ መሀል ገብቶም «አልስማማም» ይለዋል። ወላጆቻችን ቢሰሙ ይደነግጡ ይሆናል። ችግሩ የእኛ ዝምታ ለመምህሩ አክብሮት መስሎ አለመታየቱ ነው። ያላነበበ ወይም ግድ የሌለው ተማሪ ይመስለዋል።

አንዲት ጓደኛችን በመጀመሪያ ዓመቷ ለጻፈችው ሥራ 62 አገኘች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አዘጋጅታው ነበር። ክፍሉን ልትለውጥ ወስና፣ ለቤተሰቧም ሳትናገር፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ዝም አለች። በመጨረሻ ጓደኞቿ ገፋፍተዋት መምህሩ ተማሪ ወደሚቀበልበት ሰዓት፣ ሽዓት ካባላ ወደሚባለው፣ ሄደች። መምህሩ ወረቀቷን አይቶ «መረጃው ሁሉ አለ፤ አንቺ ምን እንደምትይ ግን የትም አልጻፍሽም» አላት። አሥር ደቂቃም አልፈጀ። የሚቀጥለውን ሥራ የጀመረችው «እኔ የምለው ይህን ነው» ብላ ነው፤ ዘንድሮ ማስተርስ ጀምራለች። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው ለካ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለአዲሶቹ ተማሪዎች የምንለው ይህ ነው። ሴሚስተሩ በተጀመረ በአንድ ወር ውስጥ፣ ችግር ባይኖርም እንኳ፣ አንድ ጊዜ ሽዓት ካባላ ሂዱ። ቀድማችሁ አጭር ኢሜይል ጻፉ፤ ስማችሁን፣ ኮርሱንና ጥያቄያችሁን በሁለት መስመር። «አልገባኝም» ብቻ ሳትሉ «እስከዚህ ገብቶኛል፣ ከዚህ በኋላ ጠፋብኝ» በሉ። ስለ ልምምዱና ስለ ሳምንቱ ንባብ መጀመሪያ ሜታርጌሉን ጠይቁ። በ2007 የወጣው የተማሪዎች መብት ሕግ የታረመ ፈተናችሁን የማየት መብት ሰጥቷችኋል፤ ማየት መክሰስ አይደለም፣ ማንም አይቀየምም። ሚሉኢም የተጠራም ለመምህሩና ለክፍሉ ጽሕፈት ቤት ሳይዘገይ ያሳውቅ፤ ሕጉ ለሱም ማስተካከያ እንዲደረግ ያዝዛል።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ «ዛሬ መምህሩ ምን አለ?» ከምትሉት ይልቅ «ዛሬ አንተ ምን ጠየቅህ?» በሉት። ከቻላችሁም ቡና ሲፈላ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሱዳን፣ ስለ አዲስ አበባው ጥበቃ ንገሩት። ያንን ታሪክ ክፍል ይዞት ሲገባ መምህሩ ሦስት ጥያቄ ይጨምርበታል። ከልጆቻችሁ አንዱ ደግሞ አንድ ቀን ከሰሌዳው ፊት ቆሞ ጠያቂው እሱ ይሆናል።