የቦዬን ዘር ከምግቡ አስቀድሞ መለየት



ቦዬ በወላይታ፣ በጋሞና በዳውሮ ጓሮዎች ከእንሰትና ከጎደሬ ጋር የሚለማ፣ በድጋፍ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ነው። የሚበላው ሥሩ ነው፤ ዘሩም ያው ሥሩ ነው። የበቆሎ ዘር ቢያልቅብዎ ከገበያ ይገዛሉ። የአካባቢዎ የቦዬ ዝርያ ግን ተበልቶ ወይም ተሸጦ ካለቀ መልሶ ማግኘቱ ከባድ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ይተግብሩ።

1. ዘር መምረጥ፦ ሐረጉ ሳይደርቅ በማሳው ውስጥ ተዘዋውረው ቅጠሉ ያልተዥጎረጎረና ያልቀነጨረ ተክል ላይ ምልክት ያድርጉ። ሥሩ የበሰበሰ፣ የተሰነጠቀ ወይም ያባበጠ ከሆነ ለዘር አይጠቀሙበት፤ በሽታውና ጥቃቅን ትሎቹ ከዘሩ ጋር ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሻገራሉ።

2. ሁለት ጊዜ ማንሳት፦ ቀድመው በሚደርሱ ዝርያዎች ሐረጉ አረንጓዴ ሳለ አፈሩን በጥንቃቄ ገልጠው ትልቁን ሥር ከአናቱ ዝቅ ብለው ይቁረጡ። አናቱንና ቀጫጭን ሥሮቹን ሳይጎዱ አፈር መልሰው ያልብሱ። ተክሉ እንደገና የሚያወጣቸው ትናንሽ ሥሮች የከርሞ ዘር ይሆናሉ።

3. መቁረጥና መትከል፦ ትልቅ ሥር ከሆነ በንጹሕ ቢላዋ ከ200 ግራም ባላነሰ መጠን ይቁረጡ፤ ልጣጭ የሌለው ቁራጭ አይበቅልም። የተቆረጠውን ገጽ አመድ ነስንሰው ጥላ ውስጥ ያድርቁ። ውኃ በማይተኛበት ማሳ፣ በጉብታ ላይ ተክለው በጉዝጓዝ ይሸፍኑ። ሲበቅል 2 ሜትር ያህል ድጋፍ ያቁሙለት፤ ቅጠሉ ብርሃን ሲያገኝ ሥሩ ይወፍራል።

4. ማከማቸት፦ የቆሰለውን ለይተው ቀድመው ይመገቡ። ጤነኛውን አየር በሚገባበት ጥላ ሥፍራ ያስቀምጡ፤ የበሰበሰውን በየጊዜው ያስወግዱ።

ጥንቃቄ፦ አንዳንድ የቦዬ ዓይነቶች በተለይም የዱሮቹ መርዛማ ናቸው። ያላወቁትን አይብሉ፣ ለልጆችም አይስጡ፤ የሚታወቀውንም በደንብ አብስለው ይመገቡ።

ስለ መድኃኒትነቱ፦ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከሜክሲኮ የዱር ቦዬ በተገኘ ንጥረ ነገር የሆርሞን መድኃኒቶች መሠራት ጀመሩ። ይህ ግን በፋብሪካ የሚከናወን ሥራ ነው፤ የሰው ሰውነት ንጥረ ነገሩን በራሱ ወደ ሆርሞን አይለውጥም። ስለሆነም ቦዬን ለምግብነት ያልሙት፤ ሲታመሙ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ዘንድሮ ምርት ከመሸጥዎ በፊት የከርሞውን ዘር ቆጥረው ያስቀምጡ። የተረፈዎትን ዘር ለጎረቤት ያካፍሉ፤ የእርስዎ ቢጠፋ ከእነርሱ ማሳ ያገኙታል።